በብርድ ወቅት ጀልባን በኢፖክሲ መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ ውስጥ የዓሣ ማስገሪያው ወቅት የሚከፈተው ግንቦት ሲገባ ነው። ባለ ጀልባው ግን ስንጥቁን የሚያገኘው ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሸራውን ሲገልጥ ነው። ሐይቁ ገና በረዶ ነው፣ ጋራዡም አልሞቀም። ሲያትል አካባቢ ደግሞ ብርዱ ያን ያህል ባይከፋም፣ በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ከ8 ወይም ከ9 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ዝናቡም አይለቅም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በእነዚህ ሁለት ዓይነት ብርዶች ውስጥ ትንሽ የፋይበርግላስ ወይም የእንጨት ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ መቆየት ከቻሉ ይቆዩ። ካልቻሉ አየሩን ለማሞቅ አይድከሙ፣ ጀልባውን ያሙቁ።

ከስንት ዲግሪ በታች መሥራት የለብኝም?

ኢፖክሲ የሁለት ፈሳሾች ቅልቅል ነው፦ ዋናው ሬዚንና እሱን የሚያጠነክረው ሃርድነር። ከስንት ዲግሪ በታች እንደማይሠራ የሚወስነው በአብዛኛው ሃርድነሩ ነው። ብዙ አምራቾች አንድ ሬዚን ሠርተው ፈጣንና ዘገምተኛ ሃርድነር ለየብቻ ይሸጣሉ። አሜሪካ ውስጥ በየጀልባ ዕቃ መደብሩ የሚገኘውን ዌስት ሲስተም እንውሰድ። 105 የተባለው ሬዚን ከፈጣኑ 205 ሃርድነር ጋር እስከ 40 ፋራናይት ድረስ ይሠራል፤ ይህ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዘገምተኛው 206 ጋር ከሆነ ግን ከ60 ፋራናይት፣ ማለትም ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች አይመከርም። የዚያው ኩባንያ ጂ ፍሌክስ የተባለው ትንሽ ተለጣጭ ኢፖክሲም እስከ 40 ፋራናይት ይወርዳል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የሚመረተው የሲስተም ስሪ ኮልድ ኪውር ደግሞ እስከ 35 ፋራናይት፣ ማለትም እስከ 2 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የመጨረሻው ወለል ናቸው፤ ምቹ ሁኔታን አያመለክቱም። 4 ዲግሪ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ይጠነክራል፣ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ላዩም ይበላሻል፣ ሙሉ ጥንካሬውንም አያገኝም። እኔ በበኩሌ ጀልባው ራሱ 10 ዲግሪ ካልደረሰ ጣሳ አልከፍትም።

ብርዱ በትክክል ምኑን ነው የሚያበላሸው?

ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ኢፖክሲ እንደ ቀለም ቲነሩ ተንኖለት አይደርቅም፤ ሬዚኑና ሃርድነሩ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ጠጣር አካል ይሆናሉ። ይህ ኬሚካላዊ ሂደት ሙቀት ይፈልጋል። በደምሳሳው ሲሰላ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። 105ና 205 ተቀላቅለው በ22 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ይጠጥራሉ። በ12 ዲግሪ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ነው። ወደ 4 ዲግሪ ሲጠጉ ቀንና ሌሊቱ አልፎም ገና ለስላሳ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ቀዝቃዛ ሬዚን አይፈስም፤ የፋይበሩን ጨርቅ ለማራስ እምቢ ይላል፣ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ ሲያማስሉት የገባበት አየር አይወጣም። ጨርቁ ላይ ነጣ ያሉ ደረቅ ቦታዎች ካዩ ሬዚኑ ወደ ክሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በብርድ የጠነከረ ኢፖክሲ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል። ሞለኪውሎቹ ከመጠጠራቸው የተነሳ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ፣ ያልተያያዘ ሬዚንና ሃርድነር ውስጡ ይቀራል። ሲነኩት ጠንካራ ነው፣ በጥፍር አይጫርም፣ ግን የሚገባውን ያህል አልጠነከረም። ደግነቱ ይህ የሚስተካከል ነገር ነው፤ በኋላ ሲሞቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቴርሞሜትሩ 15 ዲግሪ እያለ ለምን አልጠነከረም?

ቴርሞሜትሩ የለካው አየሩን ስለሆነ ነው። ሌሊቱን ሁሉ በ2 ዲግሪ ያደረ ጀልባ ጋራዡ ቢሞቅም ለሰዓታት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ወፍራም ቦታው፣ በተለይ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ፣ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ብረት ወይም አሉሚኒየም የተያያዘበት ቦታ ደግሞ ሙቀቱን ስቦ ይወስዳል። ስስ አድርገው የቀቡት ኢፖክሲ የራሱን ሙቀት ማቆየት አይችልም፤ ከተቀባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የጀልባውን ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የሚለካው የሚቀባው ቦታ ነው። ነጥቡን አነጣጥረው የሚለኩበት ባለ ጨረር ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት እሱን ይግዙ። ከቻሉ የውስጡንም የውጩንም ገጽ ይለኩ።

ሬዚኑ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ተፈጥሯል። ልጣለው?

አይጣሉት። ማር በብርድ እንደሚረጋው ሁሉ ሬዚኑም ረግቶ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ለከረመ ሬዚን የተለመደ ነው። ክዳኑን ላላ አድርገው ጣሳውን በሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። ወደ 50 ዲግሪ ሲደርስ እያማሰሉ ቢጠብቁት ፍርፋሪው ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ይጠራል። ውሃው ወደ ጣሳው እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ። ከዚያ ወደ ቤት ሙቀት እስኪመለስ ሳይቆዩ አይቀላቅሉት፤ 50 ዲግሪ ላይ ያለ ሬዚን ሃርድነር ሲያገኝ ብሩሽ ለማንሳት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ባይረጋም እንኳ ሬዚኑንና ሃርድነሩን ከሥራው በፊት ባለው ሌሊት ሳሎን ወይም ቁምሳጥን ውስጥ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ማሳደር ነው። 20 ወይም 22 ዲግሪ ይበቃዋል። ጋራዥ ውስጥ መቆየት ካለበት፣ ከፎም የተሠራ የበረዶ ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ አንድ የድሮው ዓይነት ባለ ክር አምፖል ማብራት ይበቃል፤ አምፖሉ ፎሙንም ጣሳውንም እንዳይነካ ይሁን። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ የሚሰጠው ሙቀት ኢምንት ነው።

ፓምፑ በብርድ ልክ ይሰጣል?

አይሰጥም፤ የብዙ ብልሽት ምንጭም ይኸው ነው። 5 ለ 1 በሚቀላቀል ኢፖክሲ ሃርድነሩ ቀጭን ስለሆነ በብርድም ይወርዳል። ሬዚኑ ግን ወፍሮ ፓምፑን ሳይሞላው ይቀራል፣ ወይም አየር ይዞ ይመጣል። ፓምፖቹ የተለኩት ሁለቱን እኩል ጊዜ ሲገፏቸው 5 ለ 1 እንዲሰጡ ስለሆነ፣ በትክክል የገፉ መስሎዎት ሃርድነሩ በዝቷል። በብርድ ጊዜ በዲጂታል ሚዛን መመዘን ይሻላል፤ ግን ጣሳው ላይ ያለው የመጠን ሬሾ በይዘት የተሰላ ከሆነ ለክብደት ያው ቁጥር ላይሠራ ይችላል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ላይከብዱ ይችላሉ። አምራቹ ለክብደት የሰጠውን ቁጥር ይፈልጉ።

ሲያማስሉ የኩባያውን ግድግዳና ጥግ እየፋቁ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ፣ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ ያማስሉ።

ቶሎ እንዲጠነክር ሃርድነር ጨመር ባደርግስ?

በፍጹም። ይህ ምክር የመጣው ፖሊስተር ከተባለው ሌላው የጀልባ ሬዚን ነው፤ እዚያ የሚጨመረው ጠብታ ሂደቱን የሚያስነሳ ብቻ ስለሆነ በተወሰነ ክልል ውስጥ ማብዛትና ማሳነስ ይቻላል። የኢፖክሲ ሃርድነር ግን ራሱ የጠጣሩ አካል ክፍል ነው። ሲበዛ የሚያያዘው ሬዚን አጥቶ ውስጡ ይቀራል፤ ውጤቱም ለስላሳና ተለጣፊ ነው፣ ቢሞቅም አይድንም። ቲነር ወይም አሴቶን ጨምሮ ማቅጠንም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። መፍጠን ከፈለጉ ፈጣን ሃርድነር ይግዙ፣ ወይም ያሙቁ።

በምን ላሙቀው?

መጀመሪያ በምን እንደማይሞቅ። ከሰል፣ ኬሮሲን፣ ጭስ ማውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ አይሆኑም። ከሰል የተቀጣጠለበት ዝግ ክፍል ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ በላስቲክ የተከለለ ጋራዥም ያው ነው። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ከሰው ሕይወት ወዲያ ሥራውንም ያበላሻል፦ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ በትነት መልክ ይወጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጨምራል። ትነቱ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ጀልባ ላይ ነው። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ትኩስ ኢፖክሲ ላይ የሚፈጥሩት ሌላ ጣጣ አለ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የሚሠራው ኤሌክትሪክ ነው። ጋራዡን በሙሉ ለማሞቅ ሳይሞክሩ፣ የሚጠገነውን ቦታ ብቻ በላስቲክ ወይም በሸራ ድንኳን አድርገው ይከልሉትና ትንሽ ማሞቂያ ከነፋስ ማራገቢያው ጋር ከድንኳኑ ጥግ ያስቀምጡ። አየሩ እንዲዘዋወር እንጂ ኢፖክሲው ላይ በቀጥታ እንዲነፋ አያድርጉ። ላስቲኩ ከማሞቂያው ክንድ ያህል ይራቅ። የተሰነጠቀው ጎን ወይም ወለል ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ማሞቅ ከሁሉ ይበልጣል፦ ስስ ላስቲክ ዘርግቶ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከውስጥ በኩል መለጠፍ፣ በላዩ ላይ ተራ ብርድ ልብስ መደረብ። ሙቀቱ በጀልባው ግድግዳ ውስጥ አልፎ ወደ ኢፖክሲው ይመጣል፣ ላዩም አይናወጥም። ሞቅ የሚያደርግ አምፖል ከተጠቀሙም ርቀቱን በእጅዎ ይለኩ፤ መዳፍዎ ሊቋቋመው ያልቻለውን ሙቀት ጀልባው ላይ አያውሉ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከመቀባት በፊት ለሰዓታት ማሞቅ ይገባል፤ ከተቀባ በኋላ ግን ወዲያው ሙቀቱን ከፍ ካደረጉት ኢፖክሲው መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ቁመው ካሉ ገጾች ላይም ይንጠባጠባል። ረጋ ብሎ በጣት ሲነካ ምልክት የሚይዝበት ደረጃ ሲደርስ ነው ሙቀቱን መጨመር። ከዚያ ሌሊቱን አያጥፉት። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ማታ ለኤሌክትሪክ ሲል ይነቅለዋል፤ ጠዋት የሚያገኘው የጠበቀውን አይሆንም። ማሞቂያ ሳይጠበቅ ማደሩ ካሰጋዎ፣ እኔም ያሰጋኛል፣ ሥራውን ጠዋት ጀምረው እስከ ምሽት እንዲጠጥር ያድርጉ።

አሴቶን በሚያሸትበት ድንኳን ውስጥ ማሞቂያ አይበራም። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች በሆነ ብርድም ይቀጣጠላል።

ውጭ እየዘነበ ነው። እርጥበቱ ምን ያህል ያስፈራል?

ከብርዱ እኩል። በተለይ ሲያትል ላለ ሰው። ገጹ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ጤዛ ካለ ኢፖክሲው የሚይዘው ጤዛውን እንጂ ጀልባውን አይደለም። መለኪያው ይህ ነው፦ የጀልባው ገጽ ከጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም የአየሩ እርጥበት ጤዛ መሆን ከሚጀምርበት ሙቀት፣ ቢያንስ በ3 ዲግሪ መሞቅ አለበት። አየሩ 10 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 85 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ 7.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 8 ዲግሪ ላይ ያለ ጀልባ በጤዛ አፋፍ ላይ ነው፣ ደረቅ ቢመስልም። ወደ 11 ዲግሪ ማምጣት አለብዎት። እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ የጤዛ ነጥቡን በስልክ ማስላት ይቻላል።

ሚኒሶታ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ክረምቱን በስንጥቁ ውስጥ የቆየው ውሃ በረዶ ሆኖ ደረቅ ይመስላል፣ ሲሞቅ ይንጠባጠባል። ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ስንጥቁን ከውስጥ አስፍቶትም ሊሆን ይችላል። ቦታውን ከፍተው ለቀናት ማሞቅና ማድረቅ ግድ ነው። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቁራጭ ግልጽ ላስቲክ በአራቱም በኩል በፕላስተር አሽገው ይለጥፉበትና ሞቅ ባለ ሁኔታ ያሳድሩት፤ ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካለ ውሃው ገና አልወጣም።

የኋላው ግድግዳ ውስጥ ያለው ጣውላ የበሰበሰ ከመሰለዎት፣ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ይብሱ። የሚወጣው ፍርፋሪ ጠቆር ብሎ እርጥብ ከሆነ ላዩን በኢፖክሲ መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጣውላው መውጣት አለበት።

እንጨት ላይ ስቀባ ለምን አረፋ ያወጣል?

እንጨቱ እየሞቀ ስለሆነ። በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋና በኢፖክሲው በኩል ይወጣል። ቀዝቃዛ እንጨት ቀብቶ ከዚያ ማሞቂያ መለኮስ አረፋ መጋበዝ ነው። ተቃራኒውን ያድርጉ፦ አስቀድመው በደንብ ያሙቁት፣ ማሞቂያውን ያጥፉት፣ መቀዝቀዝ ሲጀምር ይቀቡት። አየሩ ሲኮማተር ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከረጋ በኋላ ሙቀቱን መመለስ ይቻላል።

ጠዋት ላዩ ላይ እንደ ቅባት የሚያዳልጥ ነገር አገኘሁ። ምንድነው?

ወደ ታች እመጣበታለሁ ያልኩት ጣጣ ይኸው ነው። ሃርድነሩ ውስጥ ያሉት አሚን የተባሉ ኬሚካሎች ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኙ ላዩ ላይ ሰም የሚመስል ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ኢፖክሲው በዘገየ ቁጥር ለዚህ የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ በብርድና በእርጥበት ጊዜ በብዛት ይከሰታል። አውራ ጣትዎን በላዩ ሲያስኬዱት ያንሸራትታል፣ አንዳንዴ ገጹ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

አወጋገዱ ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ካልሳቱ። ሽፋኑ በውሃ ይሟሟል። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃና አረንጓዴውን የዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ ይዘው ይሹት፣ ውሃው ሳይደርቅ በወረቀት ፎጣ ይጥረጉት። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ አለዚያ የጠረጉትን መልሰው ይቀቡታል። ከዚያ በኋላ ነው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የሚመጣው። ሳያጥቡ ከፈገፈጉት ሰሙ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ይባስ ብሎ ወደ ጭረቶቹ ይገባል፣ ቀጣዩ ድርብም ሆነ ቀለሙ በኋላ ይላቀቃል። በአሴቶን መጥረግም እንዲሁ፣ ሰሙን ከማንሳት ይልቅ ያሰራጨዋል። በሐይቁ ዳር ቀለሙ በቁርጥራጭ የሚላጥ ጀልባ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ማምለጫም አለ። ከፋይበሩ ጨርቅ በላይ ፒል ፕላይ የሚባለውን ተላጭ የናይለን ጨርቅ ዘርግተው ኢፖክሲው እንዲጠጥርበት ካደረጉ፣ በኋላ ሲላጥ ሽፋኑን ይዞት ይሄዳል፣ ከሥሩም ሻካራና ንጹሕ ገጽ ይቀራል። በብርድ ለሚሠራ ሰው ይህ ጨርቅ ዋጋውን ያወጣል።

ከቀኑና ከሌሊቱ በኋላም ይጣበቃል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መንስኤውን ይለዩ። ሁሉም ቦታ እኩል የሚለሰልስ ከሆነና ገጹ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ምናልባት ጊዜና ሙቀት ብቻ ነው የጎደለው። ወደ 25 ወይም 30 ዲግሪ አድርሰው ለግማሽ ቀን ያቆዩት፤ እየጠነከረ መሆኑን በጥፍርዎ ጫፍ ያረጋግጣሉ። አንዳንዱ ቦታ ድንጋይ ሆኖ ሌላው የሚለጠፍ ከሆነ ግን የተማሰለበት መንገድ ነው ችግሩ፤ ብዙ ጊዜ ከኩባያው ግድግዳ የተፋቀው ያልተዋሃደ ፈሳሽ ነው። ሁሉም ቦታ ሞቆም ካልጠነከረ ልኬቱ ተዛብቷል። ለእነዚህ ለሁለቱ መድኃኒት የለም። በመፋቂያ ፍቆ፣ የቀረውን በአልኮል ጠርጎ፣ አድርቆ እንደገና መጀመር ነው። በላዩ ሌላ ድርብ ቀብቶ መሸፋፈን የኋላ ኋላ ሁለት ድርብ ያስፍቃል።

መቼ ወደ ውሃ ላስገባው?

205 በ22 ዲግሪ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ከ1 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። በ12 ዲግሪ ከሆነ በእጥፍ ያስቡት። ከውሃው መስመር በታች ለሆነና ሞተር ለሚሸከም ቦታ ከመቸኮል አንድ ሳምንት መስጠት ይሻላል። በመጨረሻው ላይ ቦታውን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ማሞቅ ብርዱ ያስቀረውን ጥንካሬ ይመልሳል። በብርድ ጠንክሮ ሳይሞቅ የቀረ ጥገና በበጋ ፀሐይ ሊለሰልስ ይችላል፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጀልባ ያለው ሰው ይህን በተለይ ያስብበት።

በፖሊስተር መጠገን አይቀለኝም?

ርካሽ ነው፣ አዲስ ጀልባም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በእሱ ነው። ግን በጠነከረ አሮጌ ገጽ ላይ የመያዝ አቅሙ ከኢፖክሲ ያንሳል፣ ብርድንም አይወድም። ለጥገና ኢፖክሲ ይሻላል ባይ ነኝ። የሚጠነቀቁት የጨርቁን ዓይነት ነው። የተቆራረጠ ክር ተበትኖ የተጣበቀበት ምንጣፍ መሰሉ ፋይበር ብዙ ጊዜ የተያያዘው በፖሊስተር ውስጥ ያለው ስታይሪን በሚያሟሟው ማጣበቂያ ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው አይለሰልስም፣ እንደ ካርቶን ግትር ብሎ ይቀራል። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም በክር የተሰፋ ጨርቅ ይግዙ። የስንጥቁን ዳር ደግሞ ሰፋ አድርገው ያሹሉት፦ ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማሹለያው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አሥራ ሁለት እጥፍ ይሁን።

ጋራዡን ዘግቼ ስሠራ ለጤናዬስ?

ሃርድነሩ ቆዳ ያቃጥላል፤ ከዚያ የባሰው ግን አለርጂው ነው። ዛሬ ምንም ያልሆነ ሰው ደጋግሞ ከነካው አንድ ቀን ሰውነቱ እምቢ ሊል ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ኢፖክሲ ባለበት መሥራት ላይችል ይችላል። የናይትሪል ጓንት ያድርጉ፣ ሲበላሽ ይቀይሩ። እጅዎን የነካዎትን በአሴቶን አያጽዱ፤ አሴቶኑ ወደ ቆዳው ያስገባዋል። ሳሙናና ውሃ ይሻላል። በብርድ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለ፦ ጠጥሮ ሳያልቅ የሚፈገፈግ ኢፖክሲ አቧራው ገና ሕያው ኬሚካል ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱ ሲሞላና ሲለጠፍ ካዩ ያቁሙ፣ አንድ ቀን ይጨምሩለት። ጭምብሉ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን።

የተረፈውን በትልቅ ኩባያ አይተዉት። ብርድ ነው ብለው ሬዚኑን አሙቀው ብዙ ከቀላቀሉ፣ ኩባያው ውስጥ በራሱ ግሎ ሊጤስ ይችላል። ስስ አድርገው ትሪ ላይ ያፍስሱት፣ ለሥራም የተሻለ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ሐይቅ ላይ እያለሁ ቢቀደድስ?

በእጅ የሚቦካና ውሃ ውስጥ የሚጠነክር የኢፖክሲ ዱላ በጀልባው ሣጥን ውስጥ ይኑር። በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ከመለጠፉ በፊት ኪስዎ ውስጥ ያሙቁት። ወደ ዳር የሚያደርስ ነው፣ ቤት ሲደርሱ ተፍቆ ይወጣል።

ባሕር ዳር ለሚገኝ የፋይበርግላስ ጀልባ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

ሁሉም አያስፈልግም። ጣና ላይ ብርድ ማለት ሌሊት ነው። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ጠዋትም ጤዛ አለ። ዘገምተኛ ሃርድነር ከሰዓት በኋላ ተቀብቶ ቢያድር ከሚመከርለት ሙቀት በታች ይወርዳል፣ ላዩም ሰም ያወጣል። ስለዚህ ጤዛው ሲደርቅና ጀልባው ሲሞቅ፣ ረፋዱ ላይ ጀምሮ ከቀትር በፊት መጨረስ ነው፤ ከፀሐይ በጥላ መከለል፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ በሸራና በብርድ ልብስ መሸፈን። የተላከልዎት ሃርድነር ፈጣኑ ከሆነ በቀኑ ሙቀት ደቂቃዎች ብቻ ስለሚሰጥ፣ በትንሽ በትንሹ እየቀላቀሉ ይሥሩ።